«ከበሽታው ነው» ብለው መለሱን፤ የወንድሜ እድሜ እያለቀ ነው?

ጥያቄው የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ወንድሜ 27 ዓመቱ ነው። ዳውን ሲንድሮም አለበት። ሕጻን እያለ አንድ ሐኪም ለእናቴ ‹ከ20 አያልፍም› ብሏት ነበር፤ አለፈ። ሰፈር ውስጥ እሱን የማያውቅ የለም። ቡና ሲፈላ ጎረቤት የሚጠራው እሱ ነው፣ ስኒ የሚያድለውም እሱ። ከስድስት ወር ወዲህ ግን ሌላ ሰው ሆነብን። ቀኑን ሙሉ ይተኛል። ፊቱ አብጧል፣ ወፍሯል፣ ድምፁ ጎርንኗል፣ በሳምንት አንዴ ቢጸዳዳ ነው። በዚህ ሙቀት ጋቢ አላወልቅም ይላል። ጤና ጣቢያ ስንወስደው ‹ከበሽታው ነው፣ እንዲህ ያሉ ልጆች እድሜያቸው አጭር ነው› ብለው ቫይታሚን ሰጥተው ሸኙን። እናቴ ‹አጀሉ ደርሶ ነው፣ አታንከራትቱት› ትላለች። ጎረቤት ደግሞ አዮዲን ያለው ጨው ስጡት፣ ጎመን ከልክሉት ይላል። ታናሼ ከስምንት ወር በፊት ሳውዲ ሄዳለች፤ እሱን ያሳደገችው እሷ ናት ማለት ይቻላል። እንዲህ ያሉ ሰዎች ስንት ዓመት ነው የሚኖሩት? ቤቱ በሰላም ይቀመጥ ወይስ እንሩጥ?»

ሩጡ። ያውም በዚህ ሳምንት።

የጻፍሽውን ዝርዝር «ዳውን ሲንድሮም» የሚለውን ብቻ ሸፍነሽ ለአንድ የውስጥ ደዌ ሐኪም ብታነቢለት፣ ብዙም ሳያስብ «ታይሮይዱን አሠሩት» ይልሻል። ስሙን ስትነግሪው ግን ነገሩ ይለወጣል። ያው ሐኪም፣ ያው ምልክት፣ ያው ሰው፤ መልሱ «ከበሽታው ነው» ሆኖ ያርፈዋል። እኔም የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ፣ የምሠራው ደሴ ነው፣ ወጣት ሆኜ ይቺን ዓረፍተ ነገር ራሴ ስንት ጊዜ እንዳልኳት ብነግርሽ ታዝኚብኛለሽ።

እስቲ አስቢው። ዳውን ሲንድሮም አንድ ትርፍ ክሮሞሶም፣ ማለትም በየሕዋሱ ያለ ዘር ተሸካሚ ክር፣ የሚያመጣው ሁኔታ ነው። ስለዚህ ወንድምሽ ያለበት ከተጸነሰ ጀምሮ ነው። እሱን ይዞ 27 ዓመት ቤት ለቤት ዞሮ ቡና ጠርቷል። ከስድስት ወር በፊት ድንገት ጋቢ ውስጥ ያስገባው ነገር ታዲያ እንዴት ያው የ27 ዓመቱ ነገር ይሆናል? አንድ አዲስ ነገር መጥቷል ማለት ነው። አዲስ ነገር ደግሞ ይፈለጋል።

ታይሮይድ አንገት ላይ፣ ከማንቁርት ዝቅ ብላ የተቀመጠች ቢራቢሮ የምትመስል እጢ ናት። ሰውነት በምን ፍጥነት እንደሚሠራ የምትወስነው እሷ ናት። ስትደክም ሁሉም አብሯት ይደክማል። አንጀት ይዘገያል፣ ሆድ ይደርቃል፣ ልብ ቀስ ብሎ ይመታል። ፊት ያብጣል፣ ድምፅ ይጎረንናል፣ እንቅልፍ አይጠገብም። ሰውነት ሙቀት ማምረት ያቅተዋል፤ በኮምቦልቻ ፀሐይ ጋቢ የሚያስይዘው ይኼ ነው። ዳውን ሲንድሮም ባለባቸው ሰዎች ላይ ይህ ችግር ከሌላው ሰው በብዙ እጥፍ ይበዛል፣ እድሜ ሲገፋም እየጨመረ ይሄዳል። ለዚህ ነው ምልክት ኖረም አልኖረም በየዓመቱ በደም መታየት ያለበት። የወንድምሽ ታይሮይድ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው መቼ ነው? ምናልባት ጭራሽ ታይቶ አያውቅም።

የጎረቤታችሁን ምክር አልንቀውም። የወሎ ደጋ እንቅርትን የሚያውቅ አገር ነው። የተራራው አፈር በዝናብ እየታጠበ አዮዲኑ ይሄዳል፣ ከአፋር የሚመጣው አሞሌ ደግሞ አዮዲን አልተጨመረበትም፤ እና ስንት እናት አንገቷ ላይ እንቅርት ይዛ ኖራለች። በእርግዝና ጊዜ ከባድ የአዮዲን እጥረት ሲኖር የሚወለደው ልጅ አእምሮም ይጎዳል። ስለዚህ አዮዲን ያለው ጨው ለቤቱ ሁሉ ይገዛ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ይጨመር። የወንድምሽ ነገር ግን ሌላ ነው። ዳውን ሲንድሮም ላይ እጢዋ የምትደክመው አብዛኛውን ጊዜ የሰውነት መከላከያ ራሱ ስለሚያጠቃት ነው። ይኼን ጨው አይመልሰውም። ጎመኑንም ይብላ። ሆዱ ደርቆ በሳምንት አንዴ ለሚጸዳዳ ሰው ጎመን መከልከል ምን የሚሉት ሕክምና ነው?

አሁን ወደ እድሜው እንምጣ። ለእናትሽ «ከ20 አያልፍም» ያላት ሰው ከኪሱ አውጥቶ አልተናገረም፤ የተማረበት መጽሐፍ አርጅቶ ነው። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1929 ዳውን ሲንድሮም ያለበት ሰው አማካይ እድሜ 9 ዓመት ገደማ ነበር። አሜሪካ ውስጥ በ1983 ወደ 25 ደርሶ ነበር። ዛሬ በእነዚሁ አገሮች 60 ገደማ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ክሮሞሶሙን የነካው የለም። ፈረንሳዊው ዤሮም ሌዠን እ.ኤ.አ. በ1959 አንድ ትርፍ 21ኛ ክሮሞሶም እንዳለ አሳየ፤ ያ ትርፍ ክሮሞሶም ዛሬም እዚያው ነው። የተለወጠው ሌላ ነው። ልጆቹ ከታጎሩበት ግቢ ወጥተው ቤተሰባቸው ጋ ማደግ ጀመሩ፣ ሳንባ ምች ሲይዛቸው አንቲባዮቲክ ተሰጣቸው፣ የልባቸው ቀዳዳ ተሰፋ፣ ታይሮይዳቸው ታየ። በቃ። እንደማንኛውም ሰው ሲታከሙ እንደ ሰው ኖሩ።

ዳውን ሲንድሮም ብቻ አይደለም። የአእምሮ እድገት ውስንነት የሚባለው ብዙ ምክንያት ያለው ነገር ነው፤ ሲወለድ የታፈነ ልጅ አለ፣ ማጅራት ገትር የጎዳው አለ፣ በዘር የመጣ አለ፣ ምክንያቱ ጨርሶ ያልታወቀም አለ። ውስንነቱ ቀለል ያለ ሰው እድሜው ከወንድምና እህቱ ብዙ አይርቅም። መራመድና መዋጥ የሚያቅተው፣ በዚያ ላይ የሚጥል በሽታ ያለበት ደግሞ ቀድሞ ይሞታል፤ ይኼን መደበቅ አይገባም። ግን እንግሊዝ ውስጥ የእነዚህን ሰዎች ሞት አንድ በአንድ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት አለ። ወንዶቹ ከሌላው ወንድ 13 ዓመት፣ ሴቶቹ ከሌላዋ ሴት 20 ዓመት ቀድመው ነበር የሚሞቱት። ከሞቶቹ ከሦስት አንዱ በላይ ደግሞ ጥሩ ሕክምና ቢያገኙ ሊቀሩ ይችሉ የነበሩ ናቸው። ምርመራ ዘገየ፣ ሕክምና ዘገየ፣ ቤተሰብ «ይኼ ልጅ እንደ ድሮው አይደለም» ሲል የሚሰማው አጣ። ያውም ሕክምና በነጻ በሆነበት አገር። እነዚህን ቁጥሮች እንዳሉ አንስተሽ ኮምቦልቻ ላይ አታስቀምጫቸው፣ አገሩ ሌላ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን ያንቺ ደብዳቤ ላይ ቁጭ ብሏል።

አንድ ታሪክ ልንገርሽ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከደላንታ በኩል ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ ሰው መጣልን። አይናገርም፣ ሲወለድ ጀምሮ። በገመድ ታስሮ ነበር። ለወራት ጉንጩን በቡጢ ይመታል፣ ሌሊት ይጮሃል፣ የቀረበውን ይነክሳል። «ባሰበት» ተብሎ ከአንዱ ጤና ተቋም ወደ ሌላው ሲመላለስ ሃሎፔሪዶል የሚባለውን የአእምሮ ሕመም መድኃኒት እየጨመሩለት፣ እኛ ጋ ሲደርስ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። እኔም እውነቱን ለመናገር የመድኃኒቱን መጠን እያሰላሁ ነበር። አንዲት ነርስ ናት ያዳነችን። ዳቦ ቆርሳ ሰጠችው። አየችው። «ዶክተር፣ በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚያኝከው» አለችኝ። በስልኬ መብራት አፉን አየን። የበሰበሰ መንጋጋ፣ ዙሪያው መግል። ጥርሱ ተነቀለ፣ መድኃኒት ተሰጠው። በሦስተኛው ቀን አባትየው ገመዱን ጠቅልለው «ለአህያዋ ይሆናል» ብለው ይዘውት ሄዱ።

ያን ሰው ያሰቃየው ውስንነቱ ነበር እንዴ? ጥርስ ነው። እኔና አንቺን ቢያመን «ጥርሴን» እንላለን፤ እሱ ያለው ቡጢ ብቻ ነበር። መናገር የማይችል ሰው ራሱን ሲመታ ጥርስና ጆሮ ይታያል፣ ምግብ ሲያቆም ጉሮሮና ሆድ ይታያል፣ ሲናከስ የት እንደሚያመው ይፈለጋል። የሚያፈዝ መድኃኒት የመጨረሻ ነው። ጸባይን ዝም ያሰኛል፣ በሽታውን ግን ውስጥ ትቶት ነው።

እነዚህን ሰዎች በብዛት የሚገድለው ምን እንደሆነ ብትጠይቂኝ፣ አስፈሪ ስም ያለው ነገር አይደለም። ምግብ ወደ ሳንባ ገብቶ የሚያመጣው ሳንባ ምች አንዱ ነው፤ ለመዋጥ የሚቸገርን ሰው አስተኝቶ ማጉረስ አደገኛ ነው፣ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ ትንሽ ትንሽ፣ በልቶም ግማሽ ሰዓት ሳይጋደም። ሌላው የሚጥል በሽታ ነው፤ የአእምሮ እድገት ውስንነት ካለባቸው ከአምስት አንዱ ገደማ ይኼም አለበት። እኛ አገር ብዙውን ጊዜ የሚጎዳቸው አወዳደቁ ነው፤ ምድጃ ላይ፣ ወንዝ ውስጥ። ፌኖባርቢታል የሚባለውን የሚጥል በሽታ ኪኒን የጀመረ ሰው ጠበል ገባ ተብሎ፣ ሼሁ ዱዓ አደረጉለት ተብሎ ኪኒኑ በአንድ ቀን አይቋረጥም። ጠበሉም ዱዓውም ይቀጥል፣ ኪኒኑም ይቀጥል፣ አንዱ ሌላውን አያባርርም። በድንገት ሲቋረጥ ሳያባራ የሚጥል፣ ሕይወት የሚያጠፋ ነገር ይመጣል።

ሦስተኛው ማንም የማያወራው ነው። የሆድ ድርቀት። ሰው በድርቀት ይሞታል ስል ይስቁብኛል። ይሞታል። አንጀት ሞልቶ ሲዘጋና እሱ «አመመኝ» ማለት ሳይችል ሲቀር ይሞታል። የወንድምሽ ሆድ ተነፍቶ ከጠጠረ፣ ማስመለስ ከጀመረ፣ ሳምንት አትጠብቂ፣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል።

ምርመራው ላይ እንመለስ። መጀመሪያ ታይሮይድ መድከሟን የሚጠቁም ቲኤስኤች የሚባል የደም ምርመራ፣ ከፍ ካለ እጢዋ የምታመርተውን የሚለካ ፍሪ ቲ ፎር ይጨመርበታል። ደሴ ይሠራል። የጤና መድን ካርድ ካላችሁ ከጤና ጣቢያው ሪፈር አጽፊ፣ ያለ እሱ መድኑ አያግዛችሁም። የመንግሥቱ ላቦራቶሪ ሪኤጀንት (የመመርመሪያ ኬሚካል) አልቋል ካሉሽ ግን «ሲመጣ ተመለሱ» ተብለሽ ወር እንዳትጠብቂ፤ ከቻላችሁ በግል ላቦራቶሪ አሠሩት። እዚያው በአንድ መርፌ የደም ማነሱ፣ ስኳሩና ኩላሊቱ ይታይ። ሁለቴ መወጋት ለእሱ ሁለት ፍርሃት ነው።

ደም ብቻ ግን አይበቃም። ጆሮው ይታይ፤ ዳውን ሲንድሮም ያለበት ሰው የጆሮው ቀዳዳ ጠባብ ነው፣ ኩክ ይደፍነዋል፣ የማይሰማ ሰው ደግሞ «ደነዘዘ» ይባላል። ዓይኑም ይታይ፤ የዓይን ሞራ ቶሎ ይመጣባቸዋል። ለዓይኑ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ብትወስጂው መልካም ነው። እንቅልፉን ደግሞ አንቺ ራስሽ አንድ ሌሊት ተቀምጠሽ እይው። ሲያንኮራፋ ትንፋሹ ቆም ብሎ እንደገና በሲቃ ይጀምራል? ምላሳቸው ትልቅ፣ የአየር መንገዳቸው ጠባብ ስለሆነ ይኼ በጣም የተለመደ ነው፣ ቀን ቀን የሚያስተኛውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ካየሽ በስልክሽ ቅረጪና ለሐኪሙ አሳዪው። ሺህ ቃል ከምትነግሪው ያቺ አንድ ደቂቃ ቪዲዮ ትበልጣለች።

ልቡስ? በሕጻንነቱ በኢኮ፣ በልብ አልትራሳውንድ፣ ታይቶ ያውቃል? ዳውን ሲንድሮም ካለባቸው ልጆች ግማሽ ያህሉ ከልብ ችግር ጋር ይወለዳሉ። አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ግቢ ያለው፣ የዶ/ር በላይ አበጋዝ ልፋት የወለደው የልብ ሕክምና ማዕከል ሥራውን ከመጀመሩ በፊት እንዲህ ያለ ልጅ ውጭ አገር ካልተላከ ተስፋው ጠባብ ነበር። ገደቡን ልንገርሽ፤ ትልቅ ቀዳዳ ኖሮ ሳይሰፋ ዓመታት ካለፉ የሳንባው ግፊት ይጨምርና ቀዶ ሕክምናው ራሱ አደጋ ይሆናል። ከንፈሩና ጥፍሩ ወደ ሰማያዊ ካደላ ይኼ ሊሆን ይችላል። ያኔም ቢሆን የሚታገዝበት መንገድ አለ፣ ግን ቀዳዳውን መስፋት ላይቻል ይችላል። 27 ዓመት እንደልቡ ሲሮጥ የኖረ ከሆነ ግን ያን ያህል የከፋ ነገር መኖሩን እጠራጠራለሁ። ቢሆንም ኢኮው ይነሳ።

«የመርሳት በሽታ ይሆን?» ብለሽ ኢንተርኔት ላይ ማንበብሽ አይቀርም። እውነት ነው፣ ዳውን ሲንድሮም ያለበት ሰው አልዛይመር ቀድሞ ይይዘዋል፤ ግን ብዙውን ጊዜ ከ40 ዓመት በኋላ ነው። በ27 መጀመሪያ የሚታሰብ አይደለም። ሁሉም ምርመራ ደህና ሆኖ ንግግሩና ችሎታው እየጠፋ ከሄደ ግን የአእምሮ ሐኪም ይየው፤ ወጣቶቹ ላይ በወራት ውስጥ የሚመጣ፣ የሚታከም ሌላ ሁኔታ አለ።

አሁን የደብዳቤሽ ትልቁ ነገር ላይ ልምጣ፣ አንቺ በአንድ መስመር ያለፍሽው። ታናሽሽ ሳውዲ ሄዳለች።

ለእሱ ምን ተባለ? ልገምት? «ገበያ ሄዳለች፣ ትመጣለች»። ስንት ቤት እንደሰማሁት። ሌሊት ሻንጣ ይወጣል፣ ልጁ እንዳያለቅስ ተብሎ ተኝቶ እያለ ይኬዳል። ጠዋት ሲነሳ ያሳደገችው ሰው የለችም። ነገም የለችም። ማንም አይነግረውም፣ «አይገባውም» ስለሚባል። የገባውን እኔ ልንገርሽ፤ መጥፋቷ ገብቶታል። ያልገባው ለምን እንደሆነ ነው። ሐዘኑን በቃል አያወጣውም፤ ይተኛል፣ አልበላም ይላል ወይ አብዝቶ ይበላል፣ የሚወደውን ይተዋል። ቡና መጥራት ያቆመው ታይሮይዱ ደክሞ ሊሆን ይችላል። ጎረቤት ጠርቶ ሲመለስ ረከቦቱ አጠገብ የምትጠብቀው ሰው ስለሌለችም ሊሆን ይችላል። እኔ ሁለቱም ይመስለኛል። አንዱን ብቻ ብታክሙ ግማሹ ይቀራል። ግን ጋቢና ያበጠ ፊት ሐዘን ብቻውን አያመጣም፤ ስለዚህ «ናፍቆት ነው» ብላችሁም ደሙን እንዳትተዉት።

ምርመራው ታይሮይድ ነው ካለ መድኃኒቱ ሌቮታይሮክሲን ነው። እጢዋ ማምረት ያቃታትን ይተካል። ሐኪሙ በትንሽ መጠን ይጀምርለታል፣ በተለይ ልቡ ላይ ነገር ካለ። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በኋላ ደም እንደገና ይታይና ይስተካከላል። በሦስተኛው ቀን ለውጥ አትጠብቂ፤ በሳምንታት ነው የሚመጣው። ሲሻለውም አይቆምም፣ ብዙውን ጊዜ የዕድሜ ልክ ነው። ወሎ ላይ ይኼን መድኃኒት የሚያበላሸው ደግሞ ምን መሰለሽ? ቡና። ኪኒኑን ከአቦል ጋር አብሮ ከዋጠ ከአንጀቱ በቅጡ አይገባለትም፣ ደሙ ሲታይ አልተሻለውም ይባላል፣ መጠኑ በከንቱ ይጨመራል። ስለዚህ ገና ሲነጋ፣ በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ። ከዚያ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ሰዓት፣ ምግብም ቡናም የለም። የብረት ወይም የካልሲየም ኪኒን የሚወስድ ከሆነ በአራት ሰዓት ይራራቁ። የሚሰጠው ሰው አንድ ይሁን፣ ያለበለዚያ እናትሽ ትሰጠዋለች፣ አንቺም ትሰጪዋለሽ።

ሦስት ነገር ካየሽ ቀጠሮ አትጠብቂ። አንደኛ፣ ቀስቅሰሽው አልነቃ ካለ፣ ሰውነቱ ከቀዘቀዘና ትንፋሹ ከዘገየ፤ የታይሮይድ ድካም ሲከፋ እዚያ ይደርሳል። ለዚህም ነው የእንቅልፍም ሆነ የማረጋጊያ ኪኒን ከማንም እንዳትቀበይለት የምለው። ሁለተኛው የሆዱ ነው፣ ብዬዋለሁ። ሦስተኛ፣ አረማመዱ ከተንገዳገደ፣ እጁ ከዛለ፣ ሽንቱን መቆጣጠር ካቃተው ወይም አንገቱን ካመመው። ዳውን ሲንድሮም ያለባቸው ሰዎች የላይኛው የአንገት አጥንት መገጣጠሚያቸው ላላ ይላል፣ አንዳንዱ ላይ ተንሸራቶ ነርቩን ይጫናል። በዚሁ ምክንያት አንገቱን ወጌሻ እንዳያሸው፤ ማደንዘዣ የሚያስፈልገው ቀዶ ሕክምና ካጋጠመውም ዳውን ሲንድሮም እንዳለበት ለሰመመን ባለሙያው ቀድማችሁ ንገሩ።

ሆስፒታል ስትወስጂው ማለዳ ግቢ። ሰልፉ ሳይበዛ። ተረኛውን ነርስ «እሱ ብዙ መጠበቅ አይችልም» በያት፣ ጉዳዩ ሲገባቸው ብዙዎቹ ያስቀድማሉ። ቤት እያላችሁ መርፌውን ንገሪው፣ ክንዱን በጣትሽ ጫን እያደረግሽ «እዚህ ትንሽ ይቆነጥጣል፣ ከዚያ ሻይ እንጠጣለን» በይው። ሻዩንም ጠጡ፣ ቃል ነው። ሐኪሙ አንቺን ብቻ እያየ ካወራ «እሱንም ጠይቀው» በይ። 27 ዓመቱ ነው፣ ልጅ አይደለም።

አንድ ወረቀት ደግሞ አዘጋጂ። የሚወስደው መድኃኒት፣ የማይስማማው፣ ሲያመው ምን እንደሚያደርግ፣ ሲፈራ ምን እንደሚያረጋጋው፣ ደህና በነበረበት ጊዜ ምን ይሠራ እንደነበር። «ቡና ይጠራ ነበር፣ አሁን አይጠራም» ብለሽ ጻፊ። አንድም ሐኪም ያቺን መስመር አንብቦ «ድሮም እንዲህ ነው» ማለት አይችልም። እናትሽ ይኼን ሁሉ በቃሏ ታውቀዋለች፣ ግን እሷም እያረጀች ነው።

እናትሽን በተመለከተ፣ «አጀሉ ደርሶ ነው» ስትል አትከራከሪያት። አጀልን እሷም እኔም አናውቀውም። ካልታወቀ ደግሞ ደም ማስወሰዱ ቀደርን መጋፋት አይሆንም፣ ሰበቡን ማድረስ ነው። ምናልባት እስከዛሬ ማንም አልነገራት እንደሆነ፣ ትርፉ ክሮሞሶም አብዛኛውን ጊዜ በአጋጣሚ የሚመጣ ነው፤ እሷ በልታ ወይ ጠጥታ ያመጣችው፣ ሰው አይቶባት የመጣ ነገር አይደለም። 27 ዓመት ይኼን ተሸክማ ከሆነ አብሽሪ በያት።

ታናሽሽ ደግሞ በኢሞ ትደውል። በሆነላት ሰዓት አይሁን፤ አሠሪዎቿ ከፈቀዱላት ቀን፣ ለምሳሌ ዓርብ፣ ቡናው በሚፈላበት ሰዓት። ፊቷን ይያት። ሥራ አገር እንደሄደች፣ አውሮፕላን እንደተሳፈረች፣ ገና እንደማትመለስ በራሷ አፍ ትንገረው። ያለቅስ ይሆናል፣ ያልቅስ። ሳትደውል የቀረች ዓርብ ከሆነም «ዛሬ አትደውልም» ብላችሁ ንገሩት፣ ስልኩን ይዞ እንዳይጠብቅ።

የቲኤስኤች ውጤቱን ቁጥሩን ከነመለኪያው ጽፈሽ ላኪልኝ፣ ስሙን ሸፍኚው።